ወረቀት ላይ ያልወጣው ጉድጓድ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ በየነ አንድ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። በየነ ልደታ ውስጥ በሚገኝ የሕንፃ ዲዛይን መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ፕላን ስንሥል የኖርን ባልደረባዬ ነው። ወረቀቱ አቤቱታ ነበር። ረጅም ዘመን የሠራን ነዳፊዎች ሶፍትዌሩ በተቀየረ ቁጥር የብቃት ፈተና እንደገና መፈተናችን ይቅርልን ይላል። ከሥሩ ፊርማ በፊርማ ሆኗል፤ ከላይ ግን አንድ መስመር ባዶ ትተዋል።

"ይቺ ያንቺ ናት፣ ብዙዬ" አለኝ። "በኋላ ሄደሽ ብትፈተኚም የመጀመሪያውን ትግል የመራሽው አንቺ ነሽ። ያላንቺ ስም ወረቀቱ ክብደት የለውም።"

"አልፈርምም" አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ተቆጣ። "አንቺማ ጡረታ ወጥተሻል፤ ከእንግዲህ ማን ይፈትንሻል? እኛ ነን እንጂ በዚህ ዕድሜያችን ከልጆቻችን እኩል ተሰልፈን የምንዋረደው! ምክንያትሽን ንገሪኝ።"

በቃል አልችልም፣ ጽፌ እሰጥሃለሁ አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የደረሰውን አደጋ በየነም ያውቃል፤ አንድ ነገር ግን አያውቅም። እኔ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው፣ ዝምታ አይነቅዝም፤ እኔን ግን ከውስጥ ሲበላኝ ኖሯል።

ሥራ የጀመርኩት በትሬሲንግ ወረቀትና በቀለም ብዕር ዘመን ነው። ስንሳሳት ላጲሳችን ምላጭ ነበር፤ ትንፋሻችንን ይዘን የደረቀውን ቀለም ከወረቀቱ ላይ እንፍቃለን። ብዙ የተፋቀ ቦታ ይሳሳል። ወረቀቱን ወደ መስኮት ሲያነሡት የተሳሳትንበት ሁሉ እንደ ጠባሳ ይታያል፤ አለቃ ማንን እንደሚቆጣ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሽኩር ናቸው። የወልቂጤ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሹራብ የሚለብሱ። ያለቀ ፕላን ሲቀርብላቸው ወዲያው አያዩትም። መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፣ ወረቀቱን በመዳፋቸው ያስተካክላሉ፣ ከዚያ በእርሳሳቸው ጀርባ የተሣለው በር ላይ ሁለቴ አንኳኩተው "ቤቶች!" ይላሉ። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሰው ደጅ ቆሞ የሚጠብቀውን ያህል ነው የሚጠብቁት። አዲስ ሳለሁ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ጆሯቸውን ወደ ወረቀቱ ዘንበል አድርገው የሆነ መልስ ያገኙ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁና በሁለት ጣታቸው ገቡ።

ጣቶቻቸው እንደ እግር ይራመዳሉ። ደረጃውን እየቆጠሩ ይወጣሉ። "እዚህ ጋ ጨለማ ነው" ይላሉ፤ እውነትም መስኮት ረስተናል። "ግንባሬን መታኝ" ይላሉ፤ እውነትም ጣሪያው ዝቅ ብሏል። አንድ ቀን በር አንኳኩተው፣ "ቤቶች!" ብለው፣ ጥቂት ክፍሎች ከዞሩ በኋላ ጣታቸው ቆመ። ፊታቸው ተለወጠ። "እዚህ ውስጥ የተዘጋበት ማነው?" አሉ። ተጠጋን። በአራት ግድግዳ የተከበበ፣ በር የሌለው ክፍል ነበር። አምስት ሰው አይቶ ያለፈው ፕላን ነው። ያን ቀን ማንም አልሳቀም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ያንን ክፍል ሳስብ ይሰቀጥጠኝ ነበር።

"መውደቃችን ካልቀረ ወረቀት ላይ እንውደቅ" ነበር የሚሉን።

በኋላ እኔና ጋሽ ሽኩር ከዚያ ወጥተን ወደ ልደታው የግል መሥሪያ ቤት ተዛወርን። ደመወዙ ይሻላል፣ ወንበሩም ይሻላል። ብዙ ሳይቆይ የመሣያ ጠረጴዛዎቹ ተነሥተው ኮምፒውተር ገባ፤ ከኮምፒውተሩም ጋር ፈተና መጣ። ጋሽ ሽኩር ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀራቸው፤ ይፈተናሉ ብሎ ማንም አልጠበቀም። ተፈተኑና ወደቁ። ደግመው ተፈተኑ፣ ወደቁ። በሦስተኛው አለፉ። እኛ ከበስተጀርባቸው "ሽማግሌው ተማሪ ቤት ገቡ" እያልን ተሳሳቅን። እሳቸው ስክሪኑ ላይ የተሣለውን በር በእርሳሳቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ሰጡ። "መስታወት አይመልስም" አሉ። "በወረቀት አውጡልኝ።" እስኪወጡ ድረስ እያንዳንዱን ፕላን በወረቀት አስወጥተው፣ አንኳኩተው ነበር የሚገቡት። ከጡረታቸው በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ትልቋ ነዳፊ እኔ ሆንኩ። ዘመኑ ደግሞ ልደታና ዙሪያው እየፈረሰ የሚሠራበት ነበር። ሰርቬየሮች አሮጌ ግቢዎችን ለክተው ያመጡልናል፤ ግድግዳውን፣ ዛፉን፣ ሽንት ቤቱን፣ አጥሩን። እኛ ያንን በአንድ ሌየር ላይ እናስቀምጥና አዲሱን ሕንፃ በሌላው እንሥላለን። ሌየር ማለት እንደ ድሮው ስስ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ የሚነጠፍ ገጽ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የፈረሱት ቤቶች ሁሉ አሉ። ሰዎቹ ከተነሡ፣ መሬቱ ከተቆፈረ ዓመታት አልፈውም እዚያ ውስጥ በሮቹ እንደተከፈቱ ናቸው። አንዳንዴ የድሮ ፋይል ስከፍት ሰው ቤት ሳላንኳኳ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ሶፍትዌሩ እንደገና ሲቀየር ሰርተፊኬት ያለው ሁሉ ተፈትኖ ያድስ ተባለ። እኔ ነኝ በመጀመሪያ የተነሣሁት። እጄ ይህን ሥራ ሲሠራ ፈታኙ ገና ዳዴ ይል ነበር አልኩ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አስፈረምኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት ጠረጴዛ መታሁ። በመጨረሻ "በልምድ የተረጋገጠ" የሚል ማኅተም ያለበት፣ ለዚያ እድሳት ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ሰጡን። ከነባሮቹ መካከል ሄዳ የተፈተነችው ትዕግስት ብቻ ናት፤ እሷም በሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታለች። "ተማሪዋ መጣች" እያልን እናሾፍባት ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት እኔ መሆኔን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጠመንጃ ያዥ ውስጥ አንድ ሰፊ አሮጌ ግቢ ነበር። ሰርቬየሩ የለካውን አመጣልኝ፣ አዲሱን ሥራ በላዩ ሣልኩ፣ በትልቁ ማተሚያ አሳተምኩ፣ አስረከብኩ። አንዱን ቅጂ እንደ ልማዴ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ወረቀቱን አላንኳኳሁም። ስክሪኑ ላይ ስንት ቀን ሙሉ ሳየው ከርሜ ምን ልሁን ብዬ አንኳኳለሁ?

ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ያካፋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ የሳይቱ ፎርማን ደወለ።

"እትዬ ብዙነሽ፣ በምሥራቁ አጥር በኩል መሬት ውስጥ ምን አለ?"

"ለምን?"

"ሠራተኞቹ አንሠራም አሉኝ። ከመሬት ውስጥ ድምፅ ይሰማል ይላሉ።"

"የምን ድምፅ?"

"የሚያቃስት ነገር። የግቢው ቆሌ ነው ይላሉ። ቤቱ ሲፈርስ የሚገባውን ስላላገኘ እያለቀሰ ነው አሉ። አንዷ ጠበል ልታመጣ ሄዳለች።"

ሳቅሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ። በምሥራቁ አጥር በኩል ነጭ ነው።

"ምንም የለም" አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አንተ ሰውዬ፣ የሣልኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? እዚያ ምንም የለም፤ ባዶ መሬት ነው። ይልቅ ሥራችሁን ሥሩ።"

ፎርማኑ ዝም አለ። ከዝምታው ጀርባ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል። ከዝናቡም ሥር ሌላ ነገር ሰማሁ። ረጅም፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ የሚቋረጥና ደግሞ የሚጀምር። በየነ የማያውቀው ይህንን ነው። ሰማሁት። የመስመር ችግር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩና ስልኩን ዘጋሁ።

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ለሌላ ጉዳይ ያንኑ ፋይል ከፈትኩ። በምሥራቁ አጥር በኩል አንዲት ትንሽ ክብ ተቀምጣለች። ከጎኗ "የውኃ ጉድጓድ" ይላል። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ከሰርቬየሩ ማስታወሻ ላይ አይቼ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ የለችም። ስክሪኑን አየሁ፤ አለች። በተን ተጭኜ እንደገና አሳተምኩ። ወረቀቱ ከማሽኑ እየተጎተተ ሲወጣ ዓይኔን አልነቀልኩም። አጥሩ ወጣ፣ ዛፉ ወጣ፣ ጉድጓዱ የሚመጣበት ቦታ ሲደርስ ነጭ ሆኖ አለፈ። በዚያች ደቂቃ ሠራተኞቹ ያሉትን ቆሌ እኔም አምኜ ነበር።

ትዕግስትን ጠራኋት። አጎንብሳ አየች፣ አንድ ቦታ ነካች፣ አንዲት ትንሽ ምልክት አሳየችኝ። በአዲሱ ሶፍትዌር የሰርቬየር ማስታወሻ የሚጻፍበት ሌየር ካልቀየሩት በቀር ለእይታ ብቻ ነው፤ ስክሪን ላይ ይታያል፣ ወረቀት ላይ አይወጣም።

"ይሄ ፈተናው ላይ ነበረ፣ እትዬ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጥያቄ አሥራ ሰባት።" ልታሳፍረኝ ብላ አልነበረም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ፎርማኑ ስልክ አያነሣም። ሮጥኩ። ከቢሮ እስከ ጠመንጃ ያዥ በዚያ ጭቃ በእግሬ ነው የሮጥኩት፤ ታክሲ መኖሩም ትዝ አላለኝም። ስደርስ ሠራተኞቹ ከምሥራቁ አጥር ርቀው ይቆፍራሉ። ማሽኑ ግን የተቆፈረውን አፈር ወደዚያው ወደ አጥሩ እየገፋ ነበር። ባዶ መሬት ነው ተብሏላ። ክንዴን ዘርግቼ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። የጮህኩት ጩኸት የራሴ አልመሰለኝም።

አፈሩ በእጅ ተነሣ። ከሥሩ የተሰበረ አሮጌ ሳንቃ፣ ከሳንቃው ሥር ጥቁር ቀዳዳ። ቶላ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ቆርቆሮ ሲሰበስብ ሳንቃው ከሥሩ ከድቶት፣ ቆርቆሮውና ጭቃው በላዩ ተደርምሶ የጉድጓዱን አፍ ዘግቶታል። ባልደረቦቹ ሥራውን ጥሎ የሄደ መስሏቸው ነበር። ውኃው ደረቱ ደርሷል። በገመድ ሲያወጡት ዳሌው ተሰብሮ እግሩ ወደማይሆን ጎን ዞሯል፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ብቻ ወደየድምፃችን ያዞር ነበር። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

መሥሪያ ቤቱ ከቤተሰቡ ጋር በሽማግሌ ተነጋግሮ ጨረሰ። ሪፖርቱ "በማተሚያ ማሽን ብልሽት" ይላል፤ ፈርሜበታለሁ። ፎርማኑ በሌላ ቀን ቢሮ መጥቶ እግረ መንገዱን አንድ ነገር ነገረኝ። "ያኔ ስልኩን ላውድ አድርጌው ነበር" አለኝ። "ሠራተኞቹ ከእርስዎ አፍ ሰምተው እንዲረጋጉ ብዬ ነው፤ እዚያው አጥሩ ሥር ቆመን።" ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ ሳናግር ድምፄ ቀነሰ። ሰዎች ጉሮሮሽን አመመሽ ወይ ይሉኝ ነበር።

የልምድ ማኅተሙን መለስኩና ለፈተናው ተመዘገብኩ። በየነ ያኔ እንደ ከሃዲ አየኝ። የፈተናው ክፍል ውስጥ ሁላችንም መስታወት ፊት ተደርድረን፣ ከጣት ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ጥያቄው ስለ ሌላ ነገር ነበር። እንዲያም ሆኖ ሥዕሉን አጉልቼ ባዶውን ቦታ ሁሉ ስፈልግ ሰዓቴ አለቀ። ወደቅሁ። ደግሜ አለፍኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየእድሳቱ ለፈተና ተቀመጥኩ።

በየነ፣ ፈተናው ፍጹም ነው እያልኩህ አይደለም። ግማሹ ከንቱ ነው። የበተን ስም ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚኖር አይጠይቅም። ትዕግስት መቶ ከመቶ ብታመጣም ጋሽ ሽኩር ያዩትን በር የሌለውን ክፍል ፈተናው አያሳያትም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ጥዬ ነበር፤ አዲሱን ዕውቀት ንቄ፣ የድሮውን ልማድ ሰንፌ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል ለደብተራ ብቻ መስሎን ኖረናል። የምትዋረደው ከልጅህ እኩል ስትቀመጥ አይደለም። እኔ የተዋረድኩት እርግጠኛ ስሆን ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ለበየነ መስጠት ከበደኝ። ስልኩ ውስጥ የሰማሁትን መጀመሪያ መስማት ያለበት በየነ አይደለም። ቶላ አብነት ሰፈር ውስጥ ከቆርቆሮ ምድጃ እንደሚሠራ ከሰው ሰምቼ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ዝናብ የለም፣ ፀሐይ ነው፤ የመዶሻው ድምፅ መንገዱን ሞልቶታል። ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ የታመመ እግሩን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቀጠቅጣል።

"ጤና ይስጥልኝ" አልኩ። "አነስ ያለች ምድጃ ይኖርዎት ይሆን?"

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። ዞሮ አላየኝም። የጎረቤቶቹ መዶሻ ይሰማል፤ የእሱ ግን ዝም አለ።

"እስቲ ደግመው ይናገሩ፣ እትዬ" አለኝ።

"ምን ልበል?"

ዓይኑን ጨፈነ። "'ምንም የለም' ይበሉ እስቲ።"

ከጎኑ ካለው የቆርቆሮ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ከቤት ስወጣ ጀምሮ ስለማመደው የመጣሁት። አንዱም አልወጣ አለኝ።

"አልችልም" አልኩት። "እኔ ነኝ። የስልኳ ሴትዮ እኔ ነኝ።"

"አውቄያለሁ። ታች ሆኜ ቃል በቃል ነው የሰማሁዎት። ባዶ መሬት ነው ሲሉ ለአፍታ እኔም አመንኩዎት። ሞቼ ይሆን እንዴ አልኩ።"

"እኔም ሰምቼዎት ነበር" አልኩት። ለዓመታት አፌ ውስጥ የነበረው ነገር ወጣ። "በስልኩ ውስጥ ሰምቼዎት ነበር። ሰምቼ ነው የዘጋሁት።"

አሁን ዞረ። ዓይኑን ገልጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ምን እንደምል ሰምተዋል?" አለኝ።

"ቃሉ አልተለየኝም። ድምፁን ብቻ ነው።"

መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"'ሰው አለ' ነበር የምለው" አለኝ። "ስሜን እንኳ አልጠራሁም። ሰው አለ፣ ሰው አለ ብቻ።"